ፕራግ ለምትሄዱ፦ "ዜሮ ኮሚሽን" የሚል ምንዛሬ ቤት አጠገብ እንዳትደርሱ

ይህን የምጽፈው ደሜ እንደፈላ ነው። አንዳንድ ቃል ካመለጠኝ ከወዲሁ ይቅርታ።

ፕራግ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ በተለይ እንደኔ ከጀርመን በአውቶቡስ ለቅዳሜና እሁድ ብቅ የምትሉ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ ደጁ ላይ በትልቁ "ዜሮ ኮሚሽን" ብሎ የለጠፈ ምንዛሬ ቤት ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ጠባብ መስኮት፣ ወፍራም መስታወት፣ በላዩ የአገር ሁሉ ባንዲራ። ሰሌዳው ላይ ጎልቶ የሚታየው ቁጥር እነሱ ዩሮ የሚሸጡበት ነው። የእናንተን ዩሮ የሚገዙበት ዋጋ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ኮሚሽን አንወስድም ማለታቸው እውነት ነው። ምን ያደርግላቸዋል? ሌብነቱ ዋጋው ውስጥ ነው ያለው።

እኛ አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ደግሞ ምንዛሬ ሲባል ከባንክ ውጪ ይሻላል የሚል ልማድ አለብን። ፕራግ ላይ ነገሩ ግልብጥ ነው። ከባንክ በራቃችሁ ቁጥር ትበላላችሁ። መንገድ ላይ ጠጋ ብለው "ኤክስቼንጅ?" የሚሉትማ የባሱ ናቸው። በቼክ ገንዘብ በኮሩና ፈንታ ርካሹን የሃንጋሪ ገንዘብ ፎሪንት አስታቅፈው ነው የሚሰወሩት።

ዛሬ ጠዋት ከፍሎረንጽ አውቶቡስ ጣቢያ በእግሬ ነው የገባሁት። ብቻዬን ነኝ፣ አየሩ ደስ ይላል። የባሩድ ግንብ የሚሉትን ጥቁር በር አልፌ ወደ አሮጌው አደባባይ እየሄድኩ ሳለ ለሽንት ቤትና ለቡና ትንሽ ኮሩና ልያዝ ብዬ አንዱ መስኮት ጋ ቆምኩ።

ውስጥ ያለችው ልጅ ፈገግታዋ ልዩ ነው። 200 ዩሮ በመስታወቱ ሥር አስገባሁና "ስንት ይደርሰኛል?" አልኳት። "ምርጥ ዋጋ ነው፣ ኮሚሽን የለም" አለችኝ። የጠየቅኳት ሌላ፣ የመለሰችው ሌላ። እጇ ግን ይፈጥናል። ወረቀት ከማሽኑ ወጣ፣ እስክሪብቶ መጣ፣ "እዚህ ጋ ፈርሚ" ሆነ። ፈረምኩ። ከዚያ ብሩን ተርርር አድርጋ ቆጥራ ገፋችልኝ። 3,400 ኮሩና።

አንድ ዩሮ ወደ 25 ኮሩና ነው። 5,000 ሊሰጠኝ ሲገባ በ17 ሒሳብ መንዝራልኛለች። 64 ዩሮ በላችኝ ማለት ነው።

"ይቅርታ፣ አልፈልግም፣ ዩሮዬን መልሺልኝ" አልኳት። ኮሩናውን እኮ ገና አላነሳሁትም! የእኔም ዩሮ እፊቷ ተዘርግቶ ይታየኛል። ፈገግታው በአንዴ ጠፋ። በረጅም ጥፍሯ ፊርማዬን ነካ ነካ አደረገችና "ፈርመሻል። አልቋል። መሰረዝ አይቻልም" አለች። ኃላፊ ጥሪልኝ ስላት "ኃላፊዋ እኔ ነኝ" አለችኝ። ከኋላዋ ስልኩን የሚጎረጉረው ልጅ ሳቀ። በቼክኛ የሆነ ነገር አለችው፣ አሁን ሁለቱም ሳቁ። ቋንቋውን አልችልም፤ ሙድ ሲያዝብኝ ግን ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።

ከዚያ ዓይኔ እያየ ዩሮዬን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። እኔን በእጇ ገለል በይ አለችኝና ከኋላዬ ለቆሙት ባልና ሚስት "ሄሎ! ዜሮ ኮሚሽን!" ያችው ፈገግታ ተመልሳ መጣች። ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለችኝ ይቺ ናት። ሰዎቹን ዞሬ "እንዳትመነዝሩ" አልኳቸው። ደረሰኜን አይተው ሄዱ። ፖሊስ እጠራለሁ ብላ ጮኸች፤ ጥሪ ብያት እኔም ሄድኩ።

ቀኑ ግን እዚያው ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ1410 የተሠራውን ዝነኛ ሰዓት ለማየት ሰው መሃል ቆምኩ። በየሰዓቱ የሐዋርያቱ ምስሎች በመስኮት ያልፋሉ፣ የአጽም ምስል ደወል ይደውላል። በሌላው ጎን የገንዘብ ከረጢት የያዘ የስስታም ሰውዬ ምስል አለ። ሰው ሁሉ ስልኩን አንስቶ ሲቀርጽ እኔ ሰውዬው ላይ አፈጠጥኩ። ያቺ ልጅ ናት የታየችኝ። ቻርለስ ድልድይንም እንዲሁ በብስጭት ተሻገርኩት። እስከ እ.ኤ.አ. 1841 ድረስ በወንዙ ላይ የከተማዋ ብቸኛ ድልድይ የነበረ፣ ግራና ቀኙ በ30 ሐውልት የተሞላ ድልድይ ላይ ሆኜ 64 ዩሮ ስንት ምሳ እንደሚበላ አሰላለሁ።

ዋናውን ጉድ የሰማሁት ማታ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ያለው ልጅ ደረሰኙን አየና "ለምን አልሰረዝሽውም?" አለኝ። ለካ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቼክ ሕግ እስከ 1,000 ዩሮ የሚደርስ ምንዛሬን በ3 ሰዓት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት መሰረዝ ይቻላል! ደረሰኙ 10፡34 ይላል፣ በእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ገደማ። ይህን ስሰማ ማታ 1 ሰዓት አልፏል።

እስቲ አስቡት። መልሺልኝ ስላት ገና ደቂቃ አልሞላም ነበር። ሥራዋ ነው፣ ሕጉን ታውቀዋለች። እያወቀች ነው "አይቻልም" ብላ የሳቀችብኝ።

በሉ እንግዲህ፣ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ትራም ላይ ሳይቀር በካርድ ይከፈላል። ጥሬ ገንዘብ የግድ ከሆነ ከባንክ ኤቲኤም አውጡ፣ ማሽኑ በዩሮ ላስላልህ ሲላችሁ እምቢ በሉት። ከተበላችሁም በ3 ሰዓት ውስጥ ደረሰኙን ይዛችሁ እዚያው መስኮት ተመለሱ፣ ሕጉን ጥቀሱላቸው። እነዚህን ቤቶች የሚቆጣጠረው የቼክ ብሔራዊ ባንክ ነው። እኔም ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ አቤቱታዬን እየጻፍኩላቸው ነው። መልስ ካገኘሁ እነግራችኋለሁ።