ስናፕሲድ እና የነጠላው ጥለት፦ ኦቨር የሆነ ፎቶ እስከ ምን ድረስ ይድናል?

በስልክ የበዓል ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ትልቁ ፈተና ነጭ ልብስ ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ያነጣጠረበትን ነገር ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማቅረብ ስለሚሞክር፣ ጠይም ፊት ላይ ሲያርፍ ብርሃን ይጨምራል፤ ፊቱ ቢያምርም የነጠላው ሽመናና እጥፋት ግን ጠፍቶ ጨርቁ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ ብርሃን የበዛበት ፎቶ «ኦቨር ሆነ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ በጥር ጥርት ያለ ሰማይ ሥር ጃንሜዳ ላይ የሚነሳ የጥምቀት ፎቶ ይህን ችግር ከሌላው ቀን ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። ስለዚህ የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያን የምመዝነው በፊልተሮቹ ብዛት ሳይሆን ነጠላን በሚይዝበት መንገድ ነው፤ ስናፕሲድንም የገመገምኩት በዚሁ ሚዛን፣ በአንድሮይድ ስልኬ ላይ ባለው እትም ነው።

ስናፕሲድ በ2011 ኒክ ሶፍትዌር በተባለ ኩባንያ ተሠርቶ የወጣ ሲሆን፣ ጉግል ኩባንያውን በ2012 ከገዛው በኋላ ነጻ ሆኗል። ማስታወቂያ የለውም፤ ፎቶውን የሚያስተካክለውም በስልኩ ላይ ስለሆነ የኢንተርኔት ዳታ አይበላም።

ኦቨር የሆነ ፎቶ ሲገጥመን አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምንነካው የብራይትነስን መቆጣጠሪያ ነው። እርሱ ግን ፎቶውን በሙሉ ስለሚያጨልም ፊቱ ይጠቁርና ነጠላው ወደ ግራጫነት ይለወጣል። ቲዩን ኢሜጅ በሚለው መሣሪያ ውስጥ ያለው ሃይላይትስ ግን በአመዛኙ የሚነካው ብሩህ የሆኑትን ክፍሎች ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ግራ ቀስ በቀስ ሲሳብ የጨርቁ እጥፋት መታየት ይጀምራል። የመተግበሪያው ትልቁ ጥንካሬ ግን ሴሌክቲቭ የተባለው መሣሪያ ነው። ጣትን ነጠላው ላይ አሳርፎ ነጥብ ማስቀመጥ፣ በሁለት ጣት የነጥቡን ክልል ማጥበብ ወይም ማስፋት፣ ከዚያም ጣትን ወደ ግራ በማንሸራተት ብርሃኑን መቀነስ ይቻላል፤ መሣሪያው በክልሉ ውስጥ ነጥቡ ካረፈበት ቀለም ጋር የሚመሳሰለውን ለይቶ ስለሚይዝ፣ አጠገቡ ያለው ፊት ብዙም ሳይነካ ነጩ ብቻ ይረጋጋል። ይህን ያህል ጥንቃቄ የተሞላበት ሥራ በነጻ መተግበሪያ ማግኘት የሚያስመሰግን ነው።

ይሁን እንጂ የጠፋን ነገር መልሶ የሚያመጣ መሣሪያ የለም። በተለመደው የጄፔግ ፎቶ እያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ባሉ ደረጃዎች ይመዘገባል፤ ሦስቱም ቀለማት 255 ላይ ከደረሱ በዚያ ቦታ የተመዘገበ ጥለትም ሽመናም ስለሌለ፣ ብርሃኑን የቱንም ያህል ብንቀንስ የምናገኘው ጠፍጣፋ ግራጫ ነው። ስልኩ ፎቶውን በዲኤንጂ፣ ማለትም የካሜራውን ጥሬ መረጃ በሚይዝ ፋይል ማስቀመጥ የሚችል ከሆነ ስናፕሲድ ያንን ፋይል ይከፍታል፤ በውስጡ ከጄፔግ የበለጠ መረጃ ስለሚኖር በብርሃን ብዛት ተቃጥሎ የነበረ የሚመስለው ጥለት አንዳንድ ጊዜ ሲመለስ ማየት በእውነት ያስደስታል።

ወደ ፊልተሮቹ ስንመጣ አስተያየቴ የተደባለቀ ነው። ኤችዲአር ስኬፕና ድራማ ለተራራና ለደመና ይስማማሉ፤ ሰው ላይ ሲውሉ ግን ቆዳን ያሻክራሉ፣ በነጩ ልብስ ዙሪያም ያልነበረ ጥላ ይፈጥራሉ። ኦቨር የሆነን ፎቶ በእነርሱ ለመሸፈን መሞከር ጉዳቱን ይበልጥ ያጎላዋል። ለተጎዳ ፎቶ የማምነው የጥቁርና ነጭ ፊልተሩን ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ ያሉት የቀለም ምርጫዎች ከጥንቱ የፊልም ዘመን የመጣ ጥበብ አላቸው፤ ቀዩ ሰማያዊውን ሰማይ ሲያጠቁር የሰውን ቆዳ ያፈካል፣ አረንጓዴው ደግሞ ቆዳውን ያጠቁረዋል። ለጠይም ፊት አረንጓዴውን ቀስ አድርጎ መሞከር ይገባል።

ሉክስ የተባሉት ዝግጁ ፊልተሮች ኃይላቸውን የሚቀንስ ቀጥተኛ መቆጣጠሪያ ስለሌላቸው ብዙ ጊዜ ይበዛሉ። መፍትሔው ቪው ኤዲትስ በሚለው ዝርዝር ውስጥ ተደብቋል፤ የተሠራውን እርምጃ ከዚያ መርጦ በብሩሽ ማሳረፍ ስለሚቻል፣ ፊልተሩን ሰማዩ ላይ ብቻ አውሎ ሰዎቹን መተው ይቻላል። ይህን የመሰለ ጠቃሚ ነገር ጀማሪ በማያገኘው ቦታ መቀመጡ የመተግበሪያው ዋና ጉድለት ነው፤ ምሽት ላይ በተነሱ ፎቶዎች ላይ እንደ አሸዋ ተበትኖ የሚታየውን ቅንጣት የሚያጠራ ራሱን የቻለ መሣሪያ አለመኖሩም ሌላው ነው።

እነዚህ ጉድለቶች ቢኖሩም ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ከሌሎች አስቀድሜ የምመክረው ስናፕሲድን ነው፤ በተለይ ፎቶው ሲነሳ ስክሪኑን ነክቶ የፀሐይ ምልክቷን በጥቂቱ ወደ ታች በመሳብ ነጩን ለሚጠብቅ ሰው፣ የጨለመውን ፊት በሴሌክቲቭ ማብራት የተቃጠለ ነጠላን ከማዳን እጅግ ይቀላል።