«አላምንህም» እና «ማመን አቃተኝ» በእንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አለማመናቸውን ከሚገልጹባቸው ዓረፍተ ነገሮች መካከል «አይ ዶንት ቢሊቭ ዩ» እና «አይ ካንት ቢሊቭ ኢት» ለጆሮ ቢቀራረቡም ሥራቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የሰውየውን ቃል ስለማይቀበል «ዋሽተሃል» ከማለት ብዙም አይርቅም፤ ሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ መሆኑን ተቀብሎ መደነቅን ይገልጻል። ፍኖተ ሰላም ላይ የማስተምራት አንዲት ልጅ፣ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ከደብረ ማርቆስ በብስክሌት መምጣቱን ሲነግራት፣ በአድናቆት የመጀመሪያውን ብላው ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። እሷ ማለት የፈለገችው «ወይ ጉድ!» ነበር፤ በአማርኛ «አላምንም!» ብለን ስለምንደነቅ ስሕተቷ አያስገርምም። በእርግጥ እነርሱም «አይ ዶንት ቢሊቭ ኢት!» ብለው ይደነቃሉ፤ ጥርጣሬውን ሰውየው ላይ የሚያሳርፈው «ዩ» የምትለው ትንሽ ቃል ናት። «የሚመጣ አይመስለኝም» ለማለት ግን «አይ ዶንት ቲንክ ሂ ዊል ከም» ሲሉ አሉታውን እንደ እኛው «መሰለኝ» ላይ ስለሚያደርጉት ተማሪዎቼ አይቸገሩበትም። ለጀማሪ ምርጫው የእኔ ቢሆን፣ ሰው ስለማያስቀይም «ካንት» ያለበትን አስቀድማለሁ።