«ሁሉን ያካተተ» የጢስ ዓባይ ጉዞ ለመግዛት ላሰባችሁ

ለፋሲካ ወደ ባሕር ዳር ልትሄዱ ከሆነ ይህን አንብቡ። እኔ ተበልቻለሁ፤ እናንተ ትረፉ።

ያረፍንበት አካባቢ አንድ ደላላ «ጢስ ዓባይ፣ ሁሉን ያካተተ» ብሎ ቀረበን። መኪና፣ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ጀልባ፣ ወንዝ ዳር ቡና፣ የድንጋዩ ድልድይ። በስልኩ ያሳየን ፎቶ ላይ ፏፏቴው ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይጨሳል። እኔ ግን የጓጓሁት ለድልድዩ ነበር። «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚሉት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1626 በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ። ሙሉውን ከፈልን። ደረሰኝ አልጠየቅንም፤ ይቺ የኛ ጥፋት ናት።

መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቲኬት መቁረጫው ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ዝም አለ። «መግቢያ ተከፍሏል አይደል?» ስለው «እሱ እኛን አይመለከትም ወንድሜ» አለኝ። ከፈልን። አስጎብኚውንም፣ ጀልባዋንም ለየብቻ ከፈልን። ይሁን፣ በዓል ነው አልን።

ያናደደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወደ ፏፏቴው ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የእግር ነው። ወደ ገደሉ ይወርዳል፣ በድልድዩ ይሻገራል፣ ዳገቱን ወጥቶ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ያሳያል። ሌላው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ በሜዳው የሚሄደው ነው። አጭር ነው፣ ግን ድልድዩ አጠገብ አይደርስም። እኛን በጀልባ ወስደው በጀልባ መለሱን። «ድልድዩስ?» ስል «መሽቷል» ተባልኩ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር!

ፏፏቴውስ? በሚያዝያ ምን ሊኖር። ውሃው ወደ ጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫዎች ይጠለፋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በቀጥታ ከጣና ሐይቅ ይወስዳል። በበጋ የቀረው ጥቁር ድንጋይ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ክር ነው። ያ ፎቶ የነሐሴ ወይም የመስከረም መሆን አለበት። ሻጩ ይህን አያውቅም ብላችሁ እንዳታስቡ።

እንግዲህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት «የምንሄደው በድልድዩ ነው ወይስ በጀልባ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሁለቱም ከሆነ፣ ማለትም በእግር ሄዶ በጀልባ መመለስ ከሆነ፣ መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሚሻለው ግን መኪና ብቻ ተከራይቶ ሌላውን እዚያው በደረሰኝ መክፈል ነው። የመኪናውንም ግማሹን ስትመለሱ ስጡ።

ማታ ለደላላው ደወልኩለት። «ፏፏቴውን አይታችኋል አይደል?» ብሎ ዘጋው። በማግስቱ በሕዝብ ትራንስፖርት ብቻዬን ተመለስኩ። ሌላ ቲኬት ቆረጥኩ። ድልድዩ ላይ አህያ የጫኑ ገበያተኞች ይሻገሩ ነበር፤ ግንቡን ተደግፌ አሳለፍኳቸው።