የዓመት ኮንትራት የአይቲ ጥገና ለትንሽ ቢሮ ያዋጣል?

ያዋጣል። እኛ ዘንድ ያዋጣው ግን ብልሽት ቶሎ ስለተጠገነ ሳይሆን ሥራው ቀን ስለተቆረጠለት ነው።

መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ በጅምላ የምንሸጥ ትንሽ ድርጅት ነን። ጥቂት ዴስክቶፖች፣ የፒችትሪ (የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌራችን) ዳታ የተቀመጠበት አንድ ሰርቨር፣ አታችመንት (ከካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ጋር የሚያያዘውን የሽያጭ ወረቀት) የሚያትም ኤፕሰን ፕሪንተር፣ ራውተር። በቃ ይሄው ነው። ድሮ ሰው የምንጠራው ሲበላሽ ብቻ ነበር። የሚመጣው ልጅ ፎርማት አድርጎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ምን እንደነካ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ የራውተሩ ፓስወርድ ሳይቀር እሱ ጋ ቀርቶ ስልኩን አላነሳ ሲል ራውተሩን ሪሴት አድርገን እንደ አዲስ ጀምረናል።

አሁን ኮንትራት የያዙልን ሁለት ወጣቶች ናቸው። ገና የመጡ ዕለት አንደኛው ኮምፒውተሮቹን ሳያይ በቀጥታ ወደ ሒሳብ ሠራተኛችን ሄደና «እህቴ፣ ቫት የምታሳውቁት መቼ ነው? ደመወዝስ? ቆጠራ የምታደርጉት መቼ ነው?» እያለ ይጽፍ ጀመር። እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ከዚያ ቆጠራና ሒሳብ መዝጋት ይከተላል፣ ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 የዓመቱን ግብር ማሳወቅ አለበት፣ በየወሩ የቫቱ ነገር አለ። ይሄን የማያውቅ ባለሙያ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሰርቨራችንን በማይነካበት ቀን ይነካዋል።

ዊንዶውስ 10ን እንውሰድ። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው፣ ልክ በግብሩ መሀል። ልጆቹ ነሐሴ ላይ እያንዳንዱን ማሽን መዝግበው ዊንዶውስ 11 የሚቀበለውን ከማይቀበለው ለዩልን (ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ከሌለው ወይም ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ሆኖ ከ8ኛው ትውልድ በታች ከሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በማይክሮሶፍት መስፈርት አያልፍም)። ስለዚህ የትኞቹን መግዛት እንዳለብን ቀድመን አወቅን፣ ብሩንም አዘጋጀን። ጥቅምት ላይ የሒሳብ ማሽኖቹን ከኢንተርኔት ቆርጠው ተዉአቸው፤ የግብር ማሳወቂያው ቀድሞ 11 በገባለት ላፕቶፕ ተሠራ። ለውጡ ኅዳር ላይ ሆነ።

እሱም በአንድ ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ አንድ ማሽን ብቻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ። የእኛ ፒችትሪ የቆየ ነው፣ ለዊንዶውስ 11 ተብሎ የተሠራ አይደለም፣ ስለዚህ ሁላችንም የሰጋነው እሱን ነበር። እሱ ምንም አልሆነም። ያስቸገረው ኤፕሰኑ ነው። የአታችመንቱ ወረቀት መጠኑ የተለየ ስለሆነ በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ አልተመዘገበም፤ ጽሑፉ ወደ ታች እየወረደ ጠቅላላ ድምሩ ቀዳዳው መስመር ላይ ያርፍና ወረቀቱ ሲገነጠል ግማሹ ይቆረጣል። ልጁ ወረቀቱን በማስመሪያ ለክቶ መጠኑን በእጅ አስገባ፣ ጥቅም ላይ በማይውል ወረቀት ላይ እያተመ አስተካከለው። ይሄ ሰኞ ጠዋት፣ ደንበኛ ዕቃ ጭኖ ወረቀት እየጠበቀ፣ በሁሉም ማሽን ላይ ቢመጣ ኖሮ ምን እንደሚሆን አስቡት!

ባክአፕ ላይም የሚሠሩትን ወድጄዋለሁ። «ባክአፕ አለ» ብለው አይሄዱም። ፋይሉን ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሪስቶር አድርገው ሒሳብ ሠራተኛዋ ያለፈውን ወር ትራያል ባላንስ (የሒሳቦቹን ሚዛን ዝርዝር) ከፍታ ከታተመው ጋር ታስተያየዋለች። ከገጠመ ትፈርማለች። አንዱ ኮፒ ደግሞ ከቢሮ ውጭ ይቀመጣል።

ሰርቨሩ አጠገብ አንድ ደብተር አለ፦ ምን ተቀየረ፣ መቼ፣ ማን ቀየረው፣ ካልሠራ እንዴት ይመለሳል። ፓስወርዶቹ በታሸገ ፖስታ እኛ ካዝና ውስጥ ናቸው። ለእኔ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ነገ ከእነሱ ጋር ብንለያይ እንኳ ሌላ ሰው ካቆሙበት መቀጠል ይችላል።

ቅሬታ የለኝም አልልም። ትንንሽ ነገር ላይ ይዘገያሉ፤ ኪቦርድ ወይም የፕሪንተር ሪበን ስትጠይቋቸው ቀናት ያልፋሉ። የወር ሪፖርታቸው በእንግሊዝኛ ነው፣ ካሸራችንና ንብረት ክፍሉ አያነቡትም፣ እነሱ ናቸው ግን በየቀኑ ማሽኑ ላይ የሚውሉት። ዩፒኤሶቹንም (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆዩትን ባትሪዎች) ገና ከጅምሩ መፈተሽ ነበረባቸው፤ መብራት ሲሄድ አንደኛው ወዲያው እንደሚጠፋ ቀድመን ያየነው እኛ ነን። ሌላው፣ የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ በኮንትራቱ ውስጥ አይገባም። እሱን የሚከፍተው ፈቃድ ያለው የአገልግሎት ማዕከል ብቻ ስለሆነ በነሱ አልፈርድም፣ እናንተ ግን ስትፈራረሙ ይካተታል ብላችሁ እንዳትቆጥሩ።

ክፍያው በየወሩ ስለሆነ ምንም ሳይበላሽ ብር ሲወጣ ባለቤት ይከነክነዋል፣ የእኛም አለቃ ጠይቀዋል። ደብተሩን አሳየኋቸው፣ ገጽ በገጽ አነበቡት። ኮንትራቱን እያደስን ነው። ሪፖርቱ በአማርኛ እንዲሆን፣ የዩፒኤስ ባትሪ ፍተሻም በየሩብ ዓመቱ እንዲገባ ጠይቄያለሁ፤ በሁለቱም ተስማምተዋል።