አዲሱ ሕንፃ ውስጥ ያለው ሱቅ ወይስ መንገድ ዳር ያለው አሮጌው? የትኛውን ልግዛ ለምትሉ

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጓደኞቼ ደውለው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። አዲስ የተሠራው የንግድ ሕንፃ ውስጥ ሱቅ ልግዛ ወይስ መንገድ ዳር ያለውን አሮጌውን? መልሴ አንድ ነው፤ መንገድ ዳር ያለውን። አዲሱን ገዝቼ ስለተቃጠልኩ ነው እንዲህ የምለው።

ከዋጋው እንነሳ። አዲሱ በካሬ ሲሰላ ርካሽ ይመስላል። ግን የትኛው ካሬ? የእኔ ሱቅ ውሉ ላይ 40 ካሬ ይላል። ቁልፉን ተረክቤ በሜትር ስለካው 28 ሆኖ አገኘሁት። ቀሪው 12 ካሬ የኮሪደር፣ የደረጃና የሊፍት ድርሻህ ነው ተባልኩ። የካሬውን ዋጋ 100 እንበለው። በእጄ በገባው ስፋት ሲካፈል 143 ገደማ ይመጣል። አሮጌውን 130 ሲሉኝ «ውድ ነው» ብዬ ጥዬው ሄጄ ነበር። እሱ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተለካ ነው።

በዚህ ላይ በየወሩ ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለሊፍትና ለጀነሬተር ይከፈላል። እሱም የሚሰላው በ40ው ነው። ሱቁ ባዶውን ቢቀመጥም ክፍያው አይቆምም።

ስፋት ደግሞ ሁሉም እኩል አያወጣም። በእንግሊዝ የሱቅ ዋጋ ገማቾች ከመንገዱ በኩል ያለውን የመጀመሪያ 6.1 ሜትር ጥልቀት በሙሉ ዋጋ ያሰላሉ። ቀጣዩን 6.1 ሜትር በግማሽ፣ ሦስተኛውን 6.1 ሜትር በሩብ። ገንዘብ ያለው መንገደኛ በሚያየው ፊት ላይ ነው። የእኔ ሱቅ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ፈልጎ ካልመጣ በቀር ማንም አያልፍበትም።

ጥገናው ነው ያንገበገበኝ። ሱቁን የተረከብኩት ያለ ፊኒሺንግ ነው። ለመስታወቱ በር ወለል ውስጥ የሚቀበረውን፣ በሩን በዘይት ቀስ አድርጎ የሚዘጋውን ስፕሪንግ በርካሽ ገዛሁ። የታወቀ ስም ታትሞበታል፤ ግን ፎርጅድ ነበር። በአራት ወሩ ዘይቱ ፈሰሰ፤ በሩ እየተላተመ አስቸገረ። ለመቀየር ሴራሚኩ ተሰበረ። ኦሪጅናሉን ገዝቼ ለባለሙያና ለሴራሚክ ስከፍል ወጪዬ መጀመሪያ ኦሪጅናል ብገዛ ከማወጣው እጥፍ ሆነ። እሱን ስጨርስ ከላይኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት የሚፈስ ውኃ ጂፕሰሜን አወረደው። ሻጩ ወደ ተቋራጩ ላከኝ፤ ተቋራጩ መልሶ ወደ ሻጩ። የግንባታ ጉድለት ሲገኝ ማን፣ እስከ መቼ እንደሚጠግን ውሉ ላይ ሳላጽፍ ነበር የፈረምኩት።

አሮጌ ሱቅም የራሱ ጣጣ አለው። የኤሌክትሪክ መስመሩን ሙሉ በሙሉ መቀየር ሊኖርባችሁ ይችላል። ዕዳ ወይም ያልተፈታ የውርስ ጉዳይ እንዳለበት አጣሩ። ውስጡ ተከራይ ካለ ውሉን አንብቡ። ግን የአሮጌ ቤት ጉድለት አብዛኛው በዓይን ይታያል። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ሄዳችሁ ጣሪያውን እዩ፤ ጎረቤት ነጋዴዎችንም ጠይቁ። የአዲሱ ጉድለት ገና በቀለም ሥር ነው።

አዲሱን የምመክረው በሩ በቀጥታ ወደ መንገድ የሚከፈት፣ ምድር ላይ ያለ ሱቅ ከሆነ ነው። እሱም የተጣራ ስፋቱ ውሉ ላይ በቁጥር ከተጻፈ።

ትናንት ከሦስተኛው ጓደኛዬ ጋር ሜትር ይዘን ሄድን። 45 ካሬ ነው የተባለውን ለካነው፤ 31 ወጣ። ቀብድ ሳይከፍል ተመለሰ።