ርካሽ ካርቦን ወይስ ደህና አሉሚኒየም? ለወሎ መንገድ የትኛው ያዋጣል

ኮርስ ብስክሌት ለመግዛት ብር ያጠራቀመ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ያለኝ ብር ፍሬሙ (ዋናው አካሉ) ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ያገለገለ ብስክሌት ይገዛል፣ በዚያው ብር ግን ፍሬሙ አሉሚኒየም የሆነ ደህና ብስክሌት አለ፣ የቱን ልውሰድ? ሁለቱንም ነድቻለሁ። ውድድር የጀመርኩት በአሉሚኒየም ነው፣ አሁን የምወዳደርበት ካርቦን ነው፤ ያውም ከካርቦኖቹ ዝቅተኛው ደረጃ። መልሱን ቶሎ ልንገራችሁ። ዲስክ ፍሬን (ቸርኬውን ሳይሆን ጎማው መሃል ላይ ያለውን ክብ ብረት የሚይዝ ፍሬን) ያለው፣ ከማን እጅ እንደመጣ የምታውቁት ካርቦን ካገኛችሁ ውሰዱት። ካላገኛችሁ አሉሚኒየም ግዙ፣ ምንም አይቆጫችሁም።

ክብደቱን እናስቀድም፣ ሰው ሁሉ ብስክሌቱን በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ልቡ የሚሸፍተው እዚያ ላይ ነውና። ዝቅተኛ ደረጃ ካርቦን ሙሉው ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ 8 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። ዋጋው የሚቀራረበው አሉሚኒየም 9 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ልዩነቱ አንድ ኪሎ ነው። አሁን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እንውጣ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ፣ በመሃል ያ የሐረጎ ጥምዝምዝ አለ። 65 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከነብስክሌቱ 75 ኪሎ ግድም ይሆናል። አንድ ኪሎ ከዚያ ላይ 1.3 በመቶ ናት። ዳገት ላይ ጉልበት የሚበላው በዋናነት ክብደት ስለሆነ፣ አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት የምታተርፉት ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ያነሰ ጊዜ ነው። ለማሸነፍ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል አይደለም፣ ከመሪዎቹ ጋር መቆየትና መቆረጥ ማለት ነው። ገና አንድ ዓመት ላልተለማመደ ልጅ ግን ልምምዱ ብቻ ከዚያ የበለጠ ይሰጠዋል።

ከክብደቱ ይልቅ ማርሹን እዩ። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። ከውጭ የሚመጡ የቆዩ ካርቦኖች ብዙዎቹ ፊት ላይ 53 እና 39 ጥርስ፣ ኋላ ላይ ትልቁ 25 ጥርስ ይዘው ነው የሚመጡት። በዚህ ቀላሉ ማርሽ ላይ ሆናችሁ ፔዳሉን አንድ ዙር ስትመቱ የኋላ ጎማው አንድ ጊዜ ተኩል ይዞራል። አዳዲሶቹ መካከለኛ ብስክሌቶች ግን፣ አሉሚኒየሞቹም ጭምር፣ ፊት 50 እና 34፣ ኋላ እስከ 34 ጥርስ አላቸው። እዚያ ላይ አንድ ዙር ስትመቱ ጎማው አንዴ ብቻ ይዞራል። ሐረጎ ላይ ይህ ልዩነት ጉልበታችሁ ውስጥ ይሰማችኋል፣ አንዱ ቁጭ ብላችሁ እየተነፈሳችሁ ያስወጣችኋል፣ ሌላው ከኮርቻው አስነስቶ ያንገላታችኋል። ስለዚህ ከባድ ማርሽ ካለው ካርቦንና ቀላል ማርሽ ካለው አሉሚኒየም ምረጥ ብትሉኝ ዓይኔን አላሽም፣ አሉሚኒየሙን ነው።

ምቾት ላይ ካርቦኑ ይሻላል፣ እውነቱን ለመናገር። ከደሴ ወደ ሐይቅ ስወርድ በአሉሚኒየሙ እጄ ይደነዝዝ ነበር። በካርቦኑ የአስፋልቱ ንዝረት ለስለስ ብሎ ነው የሚመጣው። ግን አንድ ነገር አለ፦ ከፍሬሙ ይልቅ ምቾት የሚሰጠው ጎማው ነው። የድሮ ካርቦኖች ብዙ ጊዜ ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ጎማ አያስገቡም። 28 ወይም 32 የሚያስገባ አሉሚኒየም ነፋሱ ትንሽ ቀነስ ተደርጎለት፣ 23 ጎማ እንደ ድንጋይ እስኪጠጥር ከተነፋበት ካርቦን በብዙ ይመቻል። ለወሎ የተቦረቦረ መንገድ፣ በክረምት ደግሞ ጎርፍ ከገደሉ ጠርጎ ለሚያወርደው ጠጠር፣ ከ28 በታች አልመክርም።

በነገራችን ላይ ነፋስ ይሰነጥቃል እየተባለ ለሚሸጥ ወፍራም ፍሬም ተጨማሪ ብር አታውጡ። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፣ የሚሰነጠቀው ነገር ራሱ ቀንሷል።

ፍሬን ላይ ቀልድ የለም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ከፊት ሲኖትራክ፣ ከኋላ አይሱዙ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጉሙ አለ። ቸርኬን የሚይዝ ፍሬን ያለው ብስክሌት ላይ የካርቦን ቸርኬ ማድረግ ለዚህ መንገድ ትክክል አይደለም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ሙቀቱ ካርቦኑን ያጣበቀውን ሙጫ ሊያለሰልሰው ይችላል፣ የውስጥ ጎማውም ሊፈነዳ ይችላል። ዝናብ ላይ ደግሞ ቶሎ አይዝም። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ከሆነማ ጭራሽ አትንኩት። ፍሬሙ ካርቦን ሆኖ ቸርኬው አሉሚኒየም ቢሆን ችግር የለውም። ከሁሉ የሚሻለው ዲስክ ነው። በዘይት የሚሠራው ለእጅ ይቀላል፣ ነገር ግን ዘይቱን የሚቀይርላችሁ ሰው ቅርብ ከሌለ በሽቦ የሚሳበው ዲስክ ይበቃል። ሺማኖ የሚጠቀመው ማዕድን ዘይት ነው፣ የመኪና ፍሬን ዘይት እንዳትጨምሩበት፣ ጎሚኒዎቹን ያበላሻቸዋል።

ጥገና ላይ አሉሚኒየም ያሸንፋል። የኔ ካርቦን ፔዳሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ፍሬሙ ውስጥ ተገፍቶ የሚገባ ዓይነት ነው፣ ክረምት ካለፈ በኋላ በየምቱ «ሲጥ ሲጥ» ማለት ጀመረ፤ ለማውጣትም ለመግጠምም ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። በጥርስ ተሽከርክሮ የሚገባው ዓይነት ግን ማንኛውም የብስክሌት መካኒክ ይፈታዋል። ብሎን ማጥበቅም ሌላ ጣጣ ነው። የካርቦን ኮርቻ ዘንግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው የማጥበቅ ኃይል 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ሰፈር ያለው መካኒክ በቅንነት «እንዳይላላብህ» ብሎ በጉልበቱ ሲያጠብቀው ካርቦኑ ሊሰነጠቅ ይችላል። የማጥበቁን ኃይል የሚለካ ቶርክ ቁልፍ ከብስክሌቱ ጋር አብራችሁ ግዙ።

ያገለገለ ካርቦን ስታዩ እንዲህ አድርጉ። በፀሐይ ላይ አውጡት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። መሪው የሚገባበትን አንገት፣ ፔዳሉ ያለበትን ታችኛውን ክፍልና ካቴናው አጠገብ ያለውን የኋላ ቧንቧ ቀስ ብላችሁ እዩ። ጭረት ካገኛችሁ ጥፍራችሁን አሻግሩበት፣ ከያዘው ቀለም ብቻ አይደለም ብላችሁ ጠርጥሩ። ከዚያ በሳንቲም ጠርዝ ቧንቧውን እያንኳኳችሁ ሂዱ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተጎዳው ቦታ ላይ ስትደርሱ ድምፁ ይታፈናል። የኮርቻው ዘንግ አልወጣ ካለ አትግዙ። አሉሚኒየም ሲጎዳ ይጎደጉዳል ወይም ይጣመማል፣ አብዛኛውን በዓይን ታዩታላችሁ፤ ካርቦን ግን ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ተለያይቶ ሊቆይ ይችላል። ታሪኩን እወቁ ያልኩት ለዚህ ነው። የታወቀ ስም ተለጥፎባቸው የሚሸጡ ሐሰተኛ ፍሬሞችም አሉ፣ የመለያ ቁጥር የሌለውን እለፉት።

ስም ጥቀስ ካላችሁኝ፣ ከካርቦን የጃያንት ቲሲአር አድቫንስድ፣ ከአሉሚኒየም የስፔሻላይዝድ አሌ ወይም የካነንዴል ካድ ተከታታይ ለዚህ ንጽጽር ጥሩ ሚዛን ናቸው። አሌ ፍሬሙ አሉሚኒየም ሆኖ የፊት ሹካው ካርቦን ነው፣ እጅ ላይ የሚመጣውን ንዝረት በዚያ ይቀንሳል። ከ2023 ሞዴል ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ዲስክ ፍሬን አለው። እኔ ገና ለሚጀምር ልጅ የምመርጠው እሱን ነው።

የትኛውንም ብትገዙ የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚሰቀልባትን ትንሿን ብረት ትርፍ ያዙ። ብስክሌቱ ሲወድቅ ፍሬሙን ለማትረፍ ቀድማ የምትጣመመው እሷ ናት፣ ቅርጿም በየሞዴሉ ስለሚለያይ የሰው ብስክሌት ላይ ፈታችሁ አትገጥሙም። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ በጆንያ መሃል በገመድ እንዳይጠፈር። ካርቦን ቧንቧ ከጎን ሲጫኑት ነው የሚሰበረው። ጎማዎቹን ፈትታችሁ፣ ፍሬሙን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ፣ ለአንድ ወንበር ከፍላችሁ ውስጥ አስገቡት።