ማልቲዝ በጅማ፦ ነጭ ውሻና ቀይ ጭቃ

ማልቲዝ ለጅማ ቤት ይሆናል ወይ? ጠባዩ ይሆናል። ጸጉሩ ግን በፎቶ እንደሚታየው መሬት እየጠረገ አይሆንም። እንደዚያ ረዝሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ጅማ ላይ ይከርማል ብሎ የሚሸጥ ሰው ወይ ውሻውን አያውቅም፣ ወይ ክረምቱን። ጸጉሩ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ከተያዘ ግን ለኮንዶሚኒየምም ለጠባብ ግቢም ይመቻል።

ጠባዩ ላይ ብዙ የሚወቀስ ነገር የለም። አዋቂው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ ቁመቱ እስከ ትከሻው 25 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ለአደን ወይም ለከብት ጥበቃ የተረባ ዘር አይደለም፤ የኖረበት ሥራ ከሰው ጋር መዋል ነው። ስለዚህ ከጓዳ ሳሎን እየተከተለ ይውላል፣ ቶሎ ይለምዳል፣ ቂም አይዝም። የግቢው በር ሲንኳኳ ከሁሉ ቀድሞ ይጮሃል። ደወል ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም። ሰንሰለት አስሮ ደጅ የሚያሳድረው ውሻ የሚፈልግ ሰው ሌላ ይፈልግ፦ ይህኛው ብቻውን ሲቀር ያላዝናል፣ መዳፉን እየላሰ ያቆስላል፣ ሌሊት ደግሞ ለጅብ አንድ ጉርሻ ነው።

ሁለት ነገር ግን ያስቸግራል። አንደኛው ሽንት ነው። ፊኛው ትንሽ ነው፣ ዝናብም ስለሚጠላ ደጅ አልወጣም ብሎ ምንጣፍ ላይ ይጨርሳል። በረንዳ ላይ ጋዜጣ የተነጠፈበት ዝቅ ያለ ሳፋ አስቀምጦ፣ ቡችላው በበላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ወደዚያ መውሰድ ይሻላል። ሁለተኛው መላስ ነው። እንግዳ ካልላሰ ሰላም ያለ አይመስለውም። ጅማ ላይ ደግሞ ሙስሊም ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ልብሱን ውሻ ከላሰው ለሰላት ይቸገራል፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ውሻ ቤት ውስጥ ሲገባ ደስ የማይለው ብዙ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ መግባትን ከቡችላነቱ ማስለመድ ከጎረቤት ጋር ያስማማል።

ወደ ጸጉሩ እንምጣ፤ የዚህ ውሻ ልፋት ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ብዙ ውሾች ከላይ ሻካራ፣ ከሥር ደግሞ ጥጥ የመሰለ ሁለት ዓይነት ጸጉር አላቸው። ማልቲዝ የላዩ ብቻ ነው ያለው። የሚረግፈው ጥቂት ስለሆነ ሶፋ ላይ ጸጉር አይታይም፤ ነገር ግን የተነቀለው ጸጉር መሬት ከመውደቅ ይልቅ ካልተነቀለው ጋር እየተጠማዘዘ ይቋጠራል። ቋጠሮው የሚጀምረው ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብት፣ ከኋላ እግሮች መሐልና ማሰሪያው ከሚያርፍበት ቦታ ነው። ባለቤቱ ጀርባውን ብቻ አበጥሮ ጨረስኩ ሲል ከሥር ሌላ ምንጣፍ እየተሠራ ነው።

ማበጠሪያው ጥርሱ በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ ያለ የብረት ሚዶ ይሁን። ደረቅ ጸጉር ስለሚሰበር መጀመሪያ ትንሽ ውኃ ይረጫል። ከዚያ ጸጉሩ ከሥሩ በጣት ተይዞ፣ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥር እየተጠጉ ማበጠር ነው፤ ቆዳው አይሳብም፣ ውሻውም ሚዶ ሲያይ አይሸሽም። ቋጠሮ ሲገኝ በሁለት ጣት ለሁለት ለሁለት እየከፈሉ መፍታት። በቋጠሮው ሥር መቀስ ማስገባት ክልክል ነው፦ ቆዳው ከቋጠሮው ጋር ተነሥቶ ስለሚመጣ አብሮ ይቆረጣል። በአጭር ለተቆረጠ ውሻ በቀን 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ለረጅሙ ግማሽ ሰዓትም ላይበቃ ይችላል።

ገላውን በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ማጠብ በቂ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም፤ መጀመሪያ ማበጠር፣ ከዚያ ውኃ። ቋጠሮ ከረጠበ በኋላ እንደ ገመድ ይጠብቃል። ለብ ያለ ውኃ፣ በማሰሮ ተበጥብጦ የቀጠነ የውሻ ሻምፑ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ። በፎጣ ሲደረቅ መጫን እንጂ ማሸት የለም። የጅማ ክረምት የሚፈትነው ከዚህ በኋላ ነው፦ ላዩ ደርቆ ሥሩ እርጥብ የቀረ ጸጉር በማግስቱ የሻገተ ይሸታል፤ በሦስተኛው ቀን ቆዳው ቀልቶ ያሳክካል። የፀጉር ማድረቂያው በዝቅተኛ ሙቀት፣ ጸጉሩን በጣት እየከፈሉ፣ ቆዳው እስኪታይ መድረስ አለበት። መብራት በሌለበት ቀን ባያጥቡት ይሻላል።

ከመንገድ ሲመለስ ቀይ ጭቃው እግሩ ላይ ሳይደርቅ በሳፋ ውኃ ማለቅለቅና ጣቶቹ መሐል ማድረቅ ይበቃል። ብርቱካናማ ጥላ ሊቀር ይችላል፤ ይቅር። ለማንጣት በረኪና ወይም የልብስ ሳሙና የሚጠቀም አለ፦ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ውሻው መዳፉን ሲልስ ደግሞ ይውጠዋል። ከዓይኑ ሥር የሚታየው ዝገት የመሰለ መስመርም ቆሻሻ ሳይሆን እንባው ውስጥ ያለ ቀለም ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ጠዋትና ማታ መጥረግ ነው። በአንድ ዓይን ብቻ ከበዛ ወይም ዓይኑ ከቀላ ሐኪም ይየው።

ፀጉር አስተካካይ ጋ የሚወስድ ሰው ቶንዶሱ እስከ ቆዳ እንዳይወርድ ቀድሞ ይንገር። ከጸጉሩ ሥር ያለው ቆዳ ሮዝና ስስ ነው፤ የበጋ ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ የኅዳር ሌሊት ያንቀጠቅጠዋል። በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መቆረጥ ይበቃዋል።

ጅማ ላይ ከጭቃው የሚብሰው ግን ቡናው ነው። ካፌይን ውሻን ይመርዛል፤ በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ገደማ ሲገባ መቁነጥነጥና ማስመለስ ይጀምራል፣ ወደ 60 ሲጠጋ ያንዘፈዝፋል። የአረቢካ ፍሬ በግራም 12 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን ስላለው፣ 3 ኪሎ ውሻን ለማሳመም 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ፍሬ ይበቃል። ከምጣድ ተፈናጥሮ ቄጠማው ውስጥ የገባውን፣ የጀበናውን አተላ፣ ግቢ ውስጥ የተሰጣውን ጀንፈል ሁሉ አስቡት። የጀንፈል ልጣጭ ስለሚጣፍጥ ቡችላ ይወደዋል። የበላ ውሻ በአንድና ሁለት ሰዓት ውስጥ ያለከልካል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ይንቀጠቀጣል። ወተት ማጠጣት መርዙን አያፈርስም፤ ሰዓት ብቻ ያባክናል። ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ነው።

ቀጥሎ የወጡ ሽንኩርት አለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቢበስሉም ቢደርቁም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ይጎዳል፤ ለዚህ ውሻ 45 ግራም ማለት ግማሽ ራስ ሽንኩርት ነው። ቁሌቱ የበዛ ወጥ በፍርፍር ደርሶት ሲበላ መጠኑን ማን ይቆጥራል? ጉዳቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ፣ ድዱ ሲነጣና ሽንቱ ሲጠቁር ነው። ለአዋቂ ማልቲዝ በቀን ከ60 እስከ 70 ግራም ደረቅ የውሻ ምግብ፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ ይበቃዋል። ቤት የሚያበስሉለት ሥጋና ሩዝ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ይቀቀላል። ሥጋ ብቻ ካልሲየም ስለሌለው 1 ግራም ያህል የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በየቀኑ ይነስነስበት። የዶሮ አጥንት በፍጹም አይሰጥ።

ቡችላው እስከ 4 ወር ድረስ ከጥቂት ሰዓት በላይ ባዶ ሆድ አይችልም። የደሙ ስኳር ሲወርድ ይንገዳገዳል፣ ድዱ ይቀዘቅዛል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ሰውም ደክሞት ነው ብሎ ይተወዋል። ማር በጣት ድዱ ላይ ማሸት፣ ሲነቃ ማብላት፣ ከዚያ ሐኪም። ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ የሚመጣ ቡችላ ብዙ ጊዜ የሚታመመው በዚህ ነው። በመንገድ ላይ በየሦስት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይብላ።

አንገቱ ላይ ማሰሪያ አይታሰርበት፤ የትንሽ ውሻ የአየር ቧንቧ ሲሳብ ይጨመደዳል። ደረት የሚይዘውን ይግዙ። ከሶፋ መዝለልም ይከልከል፤ የጉልበቱ ሎሚ መውጣት የዚህ ዘር የታወቀ ችግር ነው። ጥርሱን በጨርቅ በየቀኑ ማሸት ያስፈልጋል፣ በሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይሁን።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ከተማዋ በዚህ ታድላለች። ሆኖም አገራችን ውስጥ የሐኪሙ እጅ የለመደው በሬና በግ ስለሆነ ውሻው ከመርፌ በፊት ይመዘን። በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም የያዘ አይቨርሜክቲን (የጥገኛ ተሕዋስያን መድኃኒት) ለ3 ኪሎ ውሻ፣ በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ቢታዘዝ፣ 0.06 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ በዓይን ግምት የሚቀዳ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ ይሰጣል፣ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ቡችላ የሚገድሉት የቫይረስ በሽታዎች፣ የፓርቮና የዲስቴምፐር፣ ክትባት መኖሩን ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

ስለ ዘሩ ትንሽ። አርስቶትል የጠቀሰው የሜሊታ ትንሽ ውሻ የዚህ አያት ነው ይባላል፤ ሜሊታ ማልታ ናት ወይስ ሌላ ደሴት የሚለው ግን እስካሁን ያከራክራል። የአሜሪካ የውሻ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1888 መዝግቦታል። በእኛ አገር ትንሽ ውሻ ሲነሣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ ስም አይቀርም፤ የሉሉ ዘር ግን ቺዋዋ ነው።

ነጭ ሁሉ ማልቲዝ አይደለም፣ ክልስ ይበዛል። ጀርባው ላይ ጸጉሩን ከፍላችሁ እዩ፦ ከሥር ጥጥ የመሰለ ካለ ክልስ ነው። አፍንጫውና የዓይኑ ዙሪያ ጥቁር መሆን አለበት። ከ8 ሳምንት በታች የሆነ አይገዛ። “ሲያድግም አንድ ኪሎ አይሞላም” የሚባል ካለ የሚሸጠው በሽታ ነው። መሬት ላይ አስቀምጡትና ሲሮጥ ተመልከቱ፤ በሦስት እግር እያነከሰ ሁለት እርምጃ ሄዶ መልሶ በአራቱም ከረገጠ ጉልበቱ ነው። ሻጩ ከእቅፉ አላወርድም ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።